የጉግሳ ማተብ

ጉግሳን የማያውቅ የአያት መስመር ታክሲ ሹፌር የለም። መገናኛ ላይ ተራ አስከባሪ ነው፤ ሃምሳን ያለፈ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ተራ አስከባሪ ሆኖ የማይጮህ ሌላ ሰው አይቼ አላውቅም። እኛ ሹፌሮች “እኔ ነኝ የቀደምኩት” እያልን ስንተናነቅ እሱ ማተቡን ይዞ “የቀደመው ይሄ ነው” ካለ ነገሩ አለቀ። ማተቡ ላይ ከእናቱ የወረሳት፣ አንድ ክንፏ የተሰበረ የእንጨት መስቀል አለች። እሷን ይዞ ሲዋሽ የሰማ የለም።

አለቃው አሌክስ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ባለፈው ጥቅምት በጠራራ ፀሐይ ሙራድ የሚባል ሹፌር “ወደ ኋላ ሂድ” ቢባል እምቢ አለ። አፉም አላረፈም፣ የአሌክስን እናት ሰደበ። አሌክስ ከሚኒባሱ ጎትቶ አወረደውና አጠገቡ ካለው ግንባታ አጥር ሥር የፌሮ ብረት አነሣ። በመጀመሪያው ምት ክንዱን ሰበረው፣ በሁለተኛው መንጋጋውን። ሙራድ መሬት ላይ ደም እየተፋ እያለም አላቆመም። ጉግሳ ላዩ ላይ ተኝቶ ሸፈነው፤ ለሙራድ የተሰነዘረው የቀረው ምት በእሱ ጀርባ አረፈ። ተሳፋሪው በያለበት ተበተነ። እኔ ያን ሰዓት በመስመሩ ሌላኛው ጫፍ፣ አያት ነበርኩ።

ፖሊስ ሲመጣ አሌክስ “ቢላ አውጥቶብኝ ነው” አለ። አራት ተራ አስከባሪዎች “አዎ፣ አይተናል” አሉ። ሙራድ መንጋጋው ታስሮ መናገር አይችልም፤ ከሆስፒታል ሲወጣ እስር ቤት ይጠብቀዋል። የቀረው የጉግሳ ቃል ብቻ ነበር።

“ጋሽ ጉግሳ፣ ማተብዎን ይዘው ‘ቢላ አይቻለሁ’ ካሉ ማንም አይጠራጠርም” አለው አሌክስ።

“ያላየሁትን?”

“ልጆችዎን አያስቡም?”

“ልጆቼን ስለማስብ ነው እንጂ” አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ከኋላው መጥተው ጭንቅላቱ ላይ ጆንያ አጠለቁበት። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ጎድኑን ረገጡት፣ ጥርሶቹን አረገፉ፣ ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በጫማ ጨፈለቁት። በመጨረሻ አንገቱ ላይ የስለት ቅዝቃዜ ተሰማው። ሊያርዱት መስሎት “በስመ አብ” ብሎ ጀመረ። የተቆረጠው ግን ማተቡ ነበር። ማተብ የሌለውን ሰው ማን ያምነዋል ብለው ይሆናል።

በዚያ ሳልፍ ወድቆ አግኝቼው በእኔ መኪና ነው ያነሣሁት። ሆስፒታል ስለው “መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ” አለ። ለክርክር የሚሆን ጊዜ ስላልነበረ ወሰድኩት። አሌክስም ቃል ሊሰጥ አራቱን ምስክሮቹን አስከትሎ እዚያው ቆሟል። የሙራድ ሚስት ሀቢባ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች።

ጉግሳ ደሙን እየዋጠ ለኢንስፔክተር ትግስት ተናገረ። “ሙራድ ተሳድቧል። ቢላ ግን አልነበረም። ፌሮ ያነሣው አሌክስ ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማተቤን ወሰዱብኝ፤ መስቀሏ አንድ ክንፍ የላትም።”

“ውሸታም ነው! እኛ አምስት፣ እሱ አንድ!” አለ አሌክስ።

ኢንስፔክተሯ የጉግሳን ፊት እያየች “እርስዎን እንዲህ ያደረገዎት አሌክስ ነው?” አለችው። እሱ ነው ቢል ኖሮ አሌክስ እዚያው ይታሰር ነበር። ሀቢባ እግሩ ላይ ወደቀች። “ጋሽ ጉግሳ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! እሱ ነው ይበሉ! ባሌ በሐሰት ሊታሰርብኝ ነው!”

“በል እንጂ!” አልኩ እኔም።

ጉግሳ ወደ ሀቢባ ጎንበስ አለ። እንባው ካበጠው ዓይኑ ሥር ወረደ። “ጆንያ ውስጥ ነበርኩ። አላየሁም።”

“ማን እንደሆነ ይጠረጥራሉ?”

“ጥርጣሬ ምስክር አይሆንም፣ ልጄ።”

ያን ጊዜ የተረፉትን ጥርሶቹን እኔ ላረግፍለት ምንም አልቀረኝ። እንዲህ ያለ ጽድቅ ሰውን ይገድላል! አሌክስ ፈገግ አለ። ሀቢባ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

በዚህ መሀል የአሌክስ ስልክ ጮኸ። ከኪሱ መዘዝ ሲያደርገው ጥቁር ክር ተጠምጥሞበት ወጣ። ጫፉ ላይ አንድ ክንፍ የሌላት የእንጨት መስቀል ተንጠልጥላለች።

“የራሴ ማተብ ነው” አለ። የራሱ አንገቱ ላይ ይታያል።

ኢንስፔክተሯ ክሩን ተቀብላ የተቆረጠበትን አየች፤ ጫፉ ላይ ደም አለ። “እሺ፣ የሰው ጥርስ ስታረግፍ ያልፈራህ ሰውዬ፣ ይሄን ለምን አልጣልከውም?” አለችው።

አሌክስ እንደተሰደበ ሰው ቱግ አለ። “ማተብ መሬት ይጣላል እንዴ! እኔ ክርስቲያን አይደለሁም?”

የተናገረው የገባው ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ ነው። ከአራቱ አንዱ ወዲያው “ቢላ አላየሁም” ማለት ጀመረ።

ኢንስፔክተሯ ክሩን ፎቶ አንሥታ መለሰችለት። ጉግሳ ጣቶቹ አብጠው መቋጠር ስላቃተው ሀቢባ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ከዚያ እየተጎተተ ወደሚሄደው አሌክስ ዞረ።

“ስላልጣልክልኝ እግዜር ይስጥህ” አለው፣ ከልቡ።

እኔ ብሆን የምለው ሌላ ነበር።