አትሩጪ ብያት ነበር ያልኩት ቀን

መርሳ ላይ ኳስ የሚጫወትም ሆነ የሚሮጥ ሰው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እኔ ቤት ይመጣ ነበር። ወጌሻ ነኝ። የቅዳሜው ጨዋታ እንዳይጎዳቸው እግራቸውን ቀድሜ አሽላቸዋለሁ። ቅቤ ቀብቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ ከቁርጭምጭሚት ጀምሬ እስከ ጉልበት በአውራ ጣቴ እገፋለሁ። ሲታሽ ያላመመው ሰው የሠራሁለት አይመስለውም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አይመስለኝም ነበር።

የጎረቤቴ ልጅ የመጣችው በእንዲህ ያለ ዓርብ ነው። አባቷ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፣ ግን ወዳጄ ነው። ልጅቷ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ሩጫ ይዛለች። ጠዋት ጠዋት ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ በሰፊ ቱታ፣ በአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ወልድያ አቅጣጫ ስትሮጥ አያታለሁ። አባቷ መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር። «ሴት ልጅ በመኪና መንገድ?» ሲል ለምኜ ያስፈቀድኩላት እኔው ነኝ። በማግስቱ ወልድያ ስታዲየም የወረዳዎች ውድድር አለ፤ ካሸነፈች ለክልል ትመረጣለች።

«አባባ፣ ቅልጥሜን ያመኛል» አለችኝ። «ከጀመረኝ ቆየ። ስቆም ይተወኛል፣ ስሮጥ ይመለሳል።»

እግሯን ተቀበልኩና ዳሰስኩት። እብጠት የለውም፤ ሥጋው ደህና ነው። አጥንቱ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቷ አንድ ጋት ከፍ ብሎ፣ አንዲት ቦታ ስነካ ግን እግሯን ነጥቃኝ ልትነሳ ምንም አልቀራት። ደግሜ ነካሁ። ያችው ቦታ ናት፤ የጣት ጫፍ የማታህል።

የደም ቋጠሮ እንዲህ አያምም። ወለምታም እንዲህ አያምም። ይህን ጣቴ ያውቃል።

በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ አራት አምስት ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ። አንደኛው፣ በረኛው፣ «አባባ፣ ካቃተዎት ይንገሩና ወልድያ ሐኪም ቤት ያለችዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ እንውሰዳት። እሷ በላስቲክ ነው አሉ የምታድን» አለ።

«በላስቲክ? ሱሪ ልታስታጥቀን ነው?» አለ ሌላው፤ ሁሉም ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ግን ነገሩ ውስጤ ገባ። ያቺ ባለሙያ ሐኪም ቤት ከገባች ጀምሮ ደጃፌ ሳሳ ብሎ ነበር። ቅቤዬን አነሳሁና ያችን ቦታ አሸሁ። ልጅቷ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ቻለችው።

«እንግዲህ አባባ፣ ልሩጥ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ ስጨርስ።

ተጫዋቾቹ ያዩኛል። «ደም ቋጥሮ ነው፤ በትኜዋለሁ። ሩጪ!» አልኳት።

በማግስቱ ስታዲየም ሄጄ አየሁ። አምስት ሺህ ሜትር ነበር። ብዙውን ዙር ከፊተኞቹ ጋር ሮጠች። ሁለት ዙር ሲቀር አንድ እግሯን ማነከስ ጀመረች፣ ከዚያ ወደቀች። ሰዉ «ተጠልፋ ነው» ይላል። እኔ አጥንቱ ሲሰበር ከዚያ ርቀት አልሰማሁም፤ የት ላይ እንደተሰበረ ግን ተቀምጬ አውቀው ነበር። ሲያነሷት ወደ ሜዳው መውረድ ሲገባኝ፣ በወዲያኛው በር ወጥቼ ሚኒባስ ያዝኩና መርሳ ገባሁ።

በጀሶ ታስራ ቤቷ ስትመለስ ልጠይቃት ሄድኩ። አባቷ ፊቱ ጠቁሮ ተቀምጧል።

«አያ ወጌሻ፣ ዓርብ አንቱ ዘንድ መጥታ ነበር አሉኝ። ምን ነበር ያሏት?»

ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም፤ ሊረዳ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ደነገጥኩ። «ወላሂ፣ አትሩጪ ብያት ነበር» አልኩት።

እንዲህ ብዬ ማልኩ። ልጅቷ ከአልጋው ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ‹ምነው አባባ?› ብትል፣ ብትጮህ፣ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌን ውሸታም ማለት አላደገችበትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«ሰማሽ?» አላት አባቷ። «ቃል ላትሰሚ ነው ለካ ያስለመንሽኝ! እግርሽ ይዳን እንጂ ከእንግዲህ ሩጫ የሚባል ነገር የለም። አበቃ!»

ከዚያ በኋላ ሶላት ላይ ስቆም ምላሴ ከበደኝ። በአላህ ስም በሐሰት የማልኩበት አፍ እኮ ነው። ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ አባቷ ሽንኩርቱን እየኮተኮተ «አያ ወጌሻ፣ አረፍ ይበሉ» ይለኛል፤ አረፍ ብዬ ስለ መስኖው ውኃ ተራ አውርቼ እመለሳለሁ። እንዲህ እያልኩ የጀሶው ጊዜ አለቀ።

ጀሶው ሲፈታ ወልድያ ያለችዋ ባለሙያ ጋ እንድትታይ ታዘዘላት። አባቷ ቤቴ ድረስ መጣ። «አንቱ እግር ያውቃሉ። አብረውን ሄደው የሚሉትን ይስሙልኝ» አለ። እንዴት ብዬ እንቢ ልበለው?

ባለሙያዋ ቀጠን ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። ላስቲኩም እውነት ነበር፤ ግድግዳው ላይ ቀይና አረንጓዴ ተሰቅሏል። እሷ ግን እግሩን ከመንካቷ በፊት ጠየቀች። በሳምንት ስንት ቀን ትሮጫለሽ? ሰባቱንም። የት? አስፋልት ላይ። ጫማሽ ሶሉ አልቋል? አልቋል። የምታርፊበት ቀን የለም? የለም። ያን ሁሉ ዓመት እግር ስይዝ አንዱንም ጠይቄ አላውቅም። እኔ የማውቀው እግሩን ነው፤ እግሩ የት ውሎ እንደመጣ ነገሬ ብዬም አላውቅ።

«አጥንትም ይደክማል» አለቻት። «ዕረፍት ሲያጣ በትንሹ ይሰነጠቃል። ያኔ ቢያሳርፉት ራሱ ይገጥማል። ሕመሙ ሲጀምርሽ ለሰው አሳይተሽ ነበር?»

«አላሳየሁም» አለች ልጅቷ።

«ታዲያ ማነው ሩጪ ያለሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

አባቷ ጣልቃ ገባ። «ትዋሻለች። እኚህ አባት አይተው ከልክለዋት ነበር። በአላህ ስም ምለው ነግረውኛል።»

ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞረችና ፊቷ በራ። «አባባ፣ እንደ እርስዎ ያለ ወጌሻ ቢበዛልን እኮ እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ» አለችኝ።

ስድብ ብትሰድበኝ እችለው ነበር። ይህን ግን አልቻልኩም።

«አልከለከልኳትም» አልኩ። «ሩጪ ያልኳት እኔ ነኝ። አንዲት ቦታ ብቻ ስነካ ያማት ነበር። ደም ቋጥሮ እንዳልሆነ ጣቴ ነግሮኛል። ሰው ፊት አላውቀውም ማለት አፍሬ ነው። ለአንተም በሐሰት ማልኩልህ።»

አባቷ ወደ ባለሙያዋ ዞረ። «ትሮጣለች ወይ?» አላት።

«ትሮጣለች። ቀስ ብላ፣ አፈር ላይ፣ እያረፈች። ቀጠሮዋን ግን እንዳታስቀሩ።»

«አናስቀርም» አለ።

ስንመለስ እሱ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔና ልጅቷ ከኋላ። ወልድያን እንደወጣን «አፉ በይኝ ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አልኳት።

«አፉ ብያለሁ» አለች ቶሎ፣ ትልቅ ሰው ሲጠይቅ እንደሚባለው። ትንሽ ቆይታ ግን ወደ መስኮቱ እያየች፣ «ያመመኝ እግሬ አይደለም አባባ። እሱ ተሰብሮም ይድናል። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ የምለውን ነገር አንዱንም አያምነኝም ነበር። ውኃ ቀዳሁ ብለው እንኳ ሄዶ እንስራውን ያያል» አለችኝ። መርሳ እስክንደርስ ቀና ብዬ አላየኋትም።

አሁን በሳምንት አራት ቀን ትሮጣለች፤ ግራና ወደሚባለው መንደር በሚወስደው የአፈር መንገድ። አባቷ መጀመሪያ ሰሞን ከዳር ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ አሁን ብቻዋን ይለቃታል። ተጫዋቾቹ ዛሬም ይመጡብኛል። አጥንቱ ላይ አንድ ቦታ ነጥሎ የሚያመውን፣ «እኔ አላውቀውም፣ ወልድያ ሂድ» እለዋለሁ። በረኛው አንድ ቀን «አባባ፣ ፈሩ እንዴ?» ሲለኝ፣ «አዎ፣ ፈራሁ» አልኩት።

አባቷ ሲያገኘኝ ሰላምታ አይነፍገኝም። «አሰላሙ አለይኩም» ይላል፣ እመልሳለሁ። አረፍ ይበሉ ግን አይለኝም፤ እኔም ቆሜ አልጠብቅም።