እያስፈቀደ የሄደበት መንገድ

ስኬልቢ ስድሳ ሁለት ቤት ያላት መንደር ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አጭር ነው፤ ሲሠሩት ድንጋይ አልቆባቸው ነው ይላሉ፣ ሌላው ደግሞ ያለቀው ትዕግሥታቸው ነው ይላል። አደባባዩ ላይ አናቱ የተሰበረ የድንጋይ መስቀል አለ፤ ማን እንደሰበረው ሦስት ዓይነት ታሪክ ይወራል፣ ሦስቱም ውሸት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ መጠጥ ቤቱ አለ፣ ኩሬው አለ። በእነዚህ ሰው ተጣልቶ አያውቅም። የተጣላው በአሮጌዋ ስኬልቢ ነው።

አሮጌዋ ስኬልቢ ከኮረብታው ጀርባ ናት። በቸነፈሩ ዘመን ሰዉ ሲረግፍ፣ የተረፉት ጥለዋት ወደዚህ ወረዱ። እዚያ የቀረው የቤተ ክርስቲያኗ አንድ ግድግዳና ሣር የለበሰ ጉብታ ብቻ ነው። ከኩሬው ተነሥቶ፣ የትልቁን ቤት ማሳ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ እዚያ የሚያደርስ የእግር መንገድ አለ። ነበረ ማለት ይሻላል።

ሩበን ታስከር ዕድሜውን የፈጀው የዚያን መንገድ ቁጥቋጦ አጥር ሲከረክም ነው። የአባቱም ሥራ ይኸው ነበር። እጁ ላይ እሾህ ያልወጋው ቦታ የለም። ፊደል ግን እንቢ አለው። ሦስት ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ትምህርት ቤቱን ተሰናበተ፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀት በሰጡት ቁጥር «መነጽሬን ረስቼ መጣሁ» ይላል። መነጽር ኖሮት አያውቅም። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ማቤል ብቻ ነበረች።

ማቤል ሞተች። «አስከሬኔ ሲቃጠል፣ አመዴን እዚያ ግድግዳ ሥር በትንልኝ፣ መጀመሪያ ያነጋገርከኝ ቦታ» ብላው ነበርና እንዳለችው አደረገ። በግንቦት ነጭ አበባ የሚያወጣ እሾሃማ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ በተነላት። ከዚያ ወዲህ እሁድ ከምሳ በኋላ ሩበንን የፈለገ እዚያ ነበር የሚያገኘው።

አንዲት ልማድ ነበረችው። በየዓመቱ በመጋቢት፣ በብሥራት ቀን፣ ስድስት እንቁላል በቅርጫት ይዞ ወደ ትልቁ ቤት ይሄድና ባርኔጣውን አውልቆ በኩሽናው በር ይቆማል። አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። የቤቱና የማሳው ባለቤት ኮሎኔል ዴንሃም ይወጣል።

«ታስከር፣ መጣህ?»

«መጣሁ ጌታዬ። ዘንድሮም በመንገዱ እንድሄድ ይፈቅዱልኛል?»

«ሂድ፣ ሂድ!»

«ሰዉስ ጌታዬ?»

«ሰዉም ይሂድ! ዶሮዎችህ እንዴት ናቸው?»

በቃ፣ ይህችው ናት። ለማንም አላወራትም፤ ምኗ ይወራል? የሰው ማሳ ነው፣ ሰው ያስፈቅዳል።

ኮሎኔሉ ሞተ፤ ወራሾቹ ቤቱን ከነማሳው ለሚስተር ኬስል ሸጡት። ወር ሳይሞላ ኩሬው አጠገብ የብረት በር ቆመ፣ ቁልፍ ተንጠለጠለበት፣ ከላዩ ሰሌዳ ተሰቀለ። ሩበን ሰሌዳውን ማንበብ ባይችልም፣ ቁልፍ ለማንበብ ፊደል አያሻም።

መንደሩ ተነሣ። ከፊት የቆመችው ሚስስ ክሮስሊ ናት፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ የመንደሩን ታሪክና ቅርስ በትንሽ መጽሐፍ የጻፈች። ወረቀቷን ይዛ ሩበን ቤት መጣች።

«ሚስተር ታስከር፣ ሕዝብ ሃያ ዓመት የተመላለሰበት መንገድ አይዘጋም፣ ሕግ ነው። እርስዎ ስንት ዓመት ሄዱበት?»

«ስድሳ... ስድሳ ሁለት መሰለኝ።»

«ከእርስዎ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል!» ጻፈች፣ ጻፈች። «ይኸው፣ አንብበው ይፈርሙ። ሌላ አራት ቤት ይጠብቀኛል።»

ከወረቀቱ ግርጌ አንዲት መስመር ነበረች። በዚህ መንገድ ስሄድ ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም ትላለች። ነገሩ ሁሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው፤ ሕዝብ እየተፈቀደለት የሄደበት መንገድ፣ መቶ ዓመት ቢሄድበትም የባለቤቱ ነው። ሚስስ ክሮስሊ የሁሉም ሰው መልስ አንድ ነው ብላ በሁሉም ወረቀት ላይ ቀድማ ጽፋታለች። ሩበን መነጽሬን ረሳሁ ሊል አሰበ። በገዛ ቤቱ ተቀምጦ የት ረሳሁት ይበል? ማቤል አንድ ገጽ ለመጨረስ ይፈጅባት የነበረውን ያህል ዓይኑን ከላይ ወደ ታች አንቀሳቀሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ስሙን አኖረ። ስሙን መጻፍ ይችላል።

ጉዳዩን የሚሰማ ሰው ከመንግሥት ተላከ። የመንደሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሩበን ማቤልን ሲሸኝ የለበሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የሚስተር ኬስል ጠበቃ ድምፀ ለስላሳ ሴት ነበረች።

«ሚስተር ታስከር፣ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ጨዋ ሰው ነው አለኝ።»

ሩበን አንገቱን ደፋ።

«ጨዋ ሰው የሰው ማሳ ውስጥ ዝም ብሎ ይገባል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! አባቴ ሌባ አላሳደገም።» እንደዚያ ጮክ ብሎ በሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም። «በየዓመቱ አስፈቅዳለሁ። በብሥራት ቀን፣ ስድስት እንቁላል ይዤ። ኮሎኔሉ ራሱ ወጥቶ ሂድ ይለኛል።»

«ለራስዎ ብቻ?»

«ለራሴማ ብቻ ምን ያደርግልኛል! ለመንደሩ ሁሉ ነው እንጂ። ‹ሰዉስ ጌታዬ?› እለዋለሁ፣ ‹ሰዉም ይሂድ› ይለኛል። ያን ቃል ሳልቀበል ወጥቼ አላውቅም።»

ደረቱ ተነፍቶ ነበር። ለመንደሩ የሠራውን ሥራ መንደሩ ዛሬ ሰማለት። ዞር ብሎ ሲያይ ግን ሚስስ ክሮስሊ እርሳሷን አስቀምጣለች።

«እዚህ ላይ ግን ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም ብለው ፈርመዋል» አለች ጠበቃዋ። «እስቲ ያቺን መስመር ያንብቡልን።»

«መነጽሬን... ረስቼ መጣሁ።»

«የእኔን ይሞክሩ።»

ከዓይኗ አውልቃ ሰጠችው። ክፋት ይሁን ደግነት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሩበን ተቀብሎ አደረገው፤ የሴት መነጽር ነው፣ ጆሮው ላይ አልደርስ አለው። ወረቀቱን አየ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ አንዲት ሴት ደግሞ «ዝም በል» አለችው። ከመንግሥት የተላከው ሰው «ይበቃል» እስኪል ድረስ ሩበን ወረቀቱን እንዳየ ቆየ።

ፍርዱ በሦስተኛው ወር መጣ። መንገዱ በትልቁ ቤት መልካም ፈቃድ የተሄደበት እንጂ የሕዝብ አይደለም ይላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሩበን ራሱ ተናግሮታል።

መጠጥ ቤት ሲገባ ጋራዥ የሚሠራው ዴሪክ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን ያወልቅለታል። «ጌታዬ፣ ሽንቴ መጥቷል፣ ይፈቅዱልኛል? ሰዉስ ጌታዬ?» ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሩበንም አብሮ ይስቅ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ያህል። ከዚያ መሄዱን ተወ። ሚስስ ክሮስሊ ግን ክፉ ቃል አልወጣትም። ለሕፃን እንደሚናገሩት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቃሉን እየለያየች ታናግረው ጀመር እንጂ። ይህ ከዴሪክ ይብስ ነበር። መጽሐፏ እንደገና ሲታተም ካርታው ላይ መንገዱ የለም፤ የአሮጌዋ ስኬልቢ ግድግዳም በሩቁ የተነሣ ፎቶ ሆነ።

በብርዱ ወራት መጨረሻ ለሩበን ደብዳቤ መጣለት፤ ፖስታው ውስጥ ጠንከር ያለ ነገር አለ። አራት ቀን በኪሱ ይዞት ዋለ። የሚያነብለት ሰው አልነበረውም። በአምስተኛው ቀን የሚስስ ክሮስሊን በር አንኳኳ፣ ስለ መነጽርም ምንም አላለ።

እሷም አነበበችለት፤ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየለያየች። ሚስተር ኬስል የሩበን ታስከርን ሐቀኝነት አክብሯል። ሩበን ታስከር፣ እሱ ብቻ፣ በሕይወት እስካለ ድረስ፣ እሁድ እሁድ በመንገዱ እንዲሄድ ተፈቅዶለታል። ቁልፉ ከዚህ ጋር ተልኳል።

ደብዳቤውን አጣጥፋ፣ ቁልፉን ከላዩ አድርጋ ሰጠችው።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለች። በሩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ፣ «‹ሰዉስ ጌታዬ?› ብለው አይጠይቁትም?»

ለመውጋት ነው ያለችው። ሩበን ግን ምክር አድርጎ ያዘው። የብሥራት ቀን ሲደርስ ስድስት እንቁላል በቅርጫት አድርጎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ በኩሽናው በር ቆመ። ሚስተር ኬስል በካልሲው ወጣ።

«ሚስተር ታስከር! ቁልፉ አልሠራም እንዴ?»

«አልሞከርኩትም። ሰዉስ ጌታዬ?»

«የቱ ሰው?»

«የመንደሩ ሰው። ሰዉም እንዲሄድ ይፈቅዱልኛል?»

ሚስተር ኬስል ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። «እሱስ አይሆንም። የተፈቀደው ለእርስዎ ነው። እንቁላሉ የእኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው» አለ ሩበን። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በእንቁላሎቹ መሃል አኖረና ቅርጫቱን አስረከበው።

ይህን በመንደሩ ያወቀ የለም፣ ሩበንም አልተናገረ። እሁድ ከምሳ በኋላ ቤቱ ተዘግቶ ሲያዩት «በቁልፉ ገባ፣ የኬስል ወዳጅ» ይላሉ። እሱ ግን ከብረቱ በር ወዲህ ቆሟል። ከዚያ ሆኖ ግድግዳው አይታይም፣ ኮረብታው ይጋርደዋል። አንድ ሰዓት ያህል ይቆማል። ጉልበቱ ደክሟል፤ በሩን ግን አይደገፍም። የሰው በር ነው።