የማትውጥ ቀማሽ

ዛሬ ጠዋት ጠርሙስ ላይ የምለጥፈውን ወረቀት ገልብጬ ስለጥፍ አለቃዬ ያዘችኝ። አንድ ሁለት ጠርሙስ ቢሆን ደህና፣ ሳጥን ሙሉ ገልብጬ ለጥፌአለሁ። ምን ሆነሻል ብላ ስታፈጥብኝ አፌን መያዝ አቃተኝና ‹‹እህቴ እኮ ዛሬ ትቀምሳለች!›› አልኳት። ቁጣዋ ወዲያው በረደ። እሷም ከጠዋት ጀምሮ ልቧ እዚያው ነበር ለካ፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ የተገለበጠውን ወረቀት አብራኝ ትልጥ ጀመር።

እህቴ በዚህ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ዋና ቀማሽ ናት። ነበረች ልበል? አይ፣ ናት። ፋብሪካው በዓመት አንዴ ከየበርሜሉ ያለውን ወይን ቀይጦ የዓመቱን ወይን ይሠራል። የትኛው በርሜል ከየትኛው ጋር እንደሚገባ የሚወስኑት ቀማሾቹ ሲሆኑ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው እሷ ናት። አምና የቅይጡ ዕለት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሥራ አስኪያጁ፣ ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ዘንድሮም በሕመሟ የጠፋው የምላሷ ጣዕም ካልተመለሰ ወንበሩን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ፣ እሷንም ቢሮ ውስጥ ቀለል ያለ ሥራ እንደሚፈልግላት በጨዋ ደንብ ነገራት። በጨዋ ደንብ ሰምታው መጣች፤ እቤት ስትደርስ ግን የበሩን እጀታ ነቅላ ልትገባ ምንም አልቀራት። ‹‹እዚያ ወንበር ላይ ካልተቀመጥኩ የትም አልቀመጥም›› አለች። በቃ፣ ነገሩ ሁሉ በዛሬው ቀን ላይ ተንጠለጠለ።

ስትጀምር ጠርሙስ አጣቢ ነበረች። አንድ ቀን ባልዲዋን አንጠልጥላ በበርሜሎቹ መሃል ስታልፍ ቆም ብላ ይሄኛው እርጥብ ጆንያ ጆንያ ይላል አለች። የዚያን ጊዜው ዋና ቀማሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከት ብሎ ስቆ በርሜሉን አስከፈተ። ሲከፈት ሳቁ ቆመ፤ እንጨቱ ከውስጥ ሻግቷል። በማግስቱ ሽርጧን አስወልቆ ቀማሾቹ ክፍል አስገባት። ሠራተኛው ሁሉ ሚዛን የሚላት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ሚዛን የራሷ አመል አላት። ቀማሾች ወይኑን አፋቸው ውስጥ አንከባለው ባልዲ ውስጥ ይተፉታል። የሥራው ደንብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚቀምስ ሰው ሁሉንም ልዋጥ ቢል ለምሳ ሲወጣ ግድግዳ ተደግፎ ነው። እሷ ግን የመጨረሻዋን ጉንጭ ትውጣለች። ወይን እውነቱን የሚያወጣው ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ነው ባይ ናት። ማታም እቤት ጫማዋን አውልቃ መስኮቱ ሥር ትቀመጥና አንድ ብርጭቆ ትጠጣለች፤ ቀኑ ከከበዳት ይደገማል። ይሄ ለዓመታት የኖረችበት ነው፣ ማንም ለምን ብሏት አያውቅም።

ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር እጇን እስኪነካት ድረስ።

ቀዶ ጥገናውን፣ ኬሞውን፣ ጨረሩን አንድ በአንድ አልዘረዝርም፤ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ዶክተሯን ግን መንገር አለብኝ። አጠር ያለች፣ የስፖርት ጫማ የማትለያት፣ ወንበር ስባ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ የምታወራ ሴት ናት። ኬሞው እስኪያልቅ መጠጥ የሚባል ነገር እንዳይነካት ነገረቻት። ጉበቷ መድኃኒቱን ማስተናገድ በቂው ነው፣ አፏም ስለሚቆስል አልኮል ሲነካው እሳት ነው የሚሆንባት አለች። እህቴ ለመከራከር እንኳ አልቃጣትም፤ ምላሷ ጥሏት ሄዶ ነበራ። ዳቦ ስትበላ ካርቶን፣ ውሃ ስትጠጣ ቁልፍ የላሰች ይመስላታል። ሰው ፀጉሯ ስለረገፈ ያዝንላታል፣ እሷ የምታለቅሰው ግን ስለ ምላሷ ነበር።

በዚህ መሃል አጎታችን ኮቱ ሥር ቀይ ወይን ሸጉጦ ከች አለ። ደም ይሆናታል አለኝ። ኬሞው ደሟን መጦታልና ቀይ በቀይ ይተካ ማለቱ ነው። እኔ ቱግ ማለት ይቀናኛል፤ ዶክተሯ ከልክላለች ብለው ሐኪም ደግሞ ምን ያውቃል ብሎ እጁን አወናጨፈ፣ ጠርሙሱንም መክፈት ጀመረ። እሱንም፣ ጠርሙሱንም፣ መክፈቻውንም አንድ ላይ ገፍትሬ ደረጃው ላይ አወጣኋቸው። ስመለስ እህቴ አልጋዋ ላይ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው፣ ለአጎቴ የማልነግረው ውለታው ይሄ ነው። በቀጠሮዋ ቀን ዶክተሯን ስትጠይቃትም ደም ካነሰሽ በምርመራ አይተን የምናክምሽ እኛ ነን፣ ወይን ደም አይሆንም አለቻት።

ሕክምናው ሲያልቅ አብሬያት ሄድኩ። በሽታው እንዳይመለስ የሚረዳ ክኒን በየቀኑ ለዓመታት እንደምትውጥ ከተነገራት በኋላ፣ እህቴ በሆዷ ይዛው የከረመችውን ጥያቄ አወጣችው፤ አሁንስ ልጠጣ እችላለሁ? ዶክተሯ ወንበሯን ይበልጥ አስጠጋች።

‹‹አንድ ብርጭቆ በሽታውን ይመልሰዋል ብዬ አልነግርሽም፤ ያንን ቁርጥ አድርጎ የሚያውቅ የለም›› አለቻት። ‹‹መጠጥ የጡት ካንሰርን ዕድል እንደሚጨምር ግን ይታወቃል፣ በበዛ ቁጥርም ይብሳል። ባነሰ ቁጥር ይሻላል፣ ጭራሽ ብትተዪው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። እህቴ ብትሆኚ ተዪው ነው የምልሽ።››

እህቴ ሥራዋን ነገረቻት። መቅመስና መትፋት ምን እንደሆነ ዶክተሯ ሊገባት ስላልቻለ እስቲ አሳዪኝ አለች። ሚዛን ብድግ ብላ ከቧንቧው ውሃ ጎንጨት አለችና፣ አፏ ውስጥ አንከባልላ፣ ወደ መታጠቢያው ልትተፋ ዶክተሯ ጫማ ላይ ለቀቀችው። ለካ ያቺ ታላቅ ቀማሽ ዓመት ሙሉ ሳትቀምስ ከርማ፣ መትፋቱም ጠፍቶባታል! ዶክተሯ ጫማዋን እያራገፈች፣ ቢተፋም ጥቂት መግባቱ እንደማይቀር፣ መቅመሷ የግድ ከሆነ ግን በልታ፣ በልክ፣ በየመሃሉ በውሃ እየተጉመጠመጠች፣ አንዲት ጠብታም ሳትውጥ እንዲሆን ነገረቻት። እህቴም በልጄ ይሁንብኝ አለች፤ እሷ ልጇን ከጠራች አለቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን ታክሲው ውስጥ፣ ምላሴ ቢመለስስ፣ ጉሮሮዬን ሳልጠይቅ መፍረድ እችላለሁ ወይ የሚለው ሐሳብ ሲያንገበግባት ይታየኛል።

ከዚያማ እቤታችን የመትፋት ትምህርት ቤት ሆነ። ኩሽና ውስጥ የዕቃ ማጠቢያው ፊት ቆማ ውሃ ትጎነጫለች፣ ትተፋለች፣ አገጯ ላይ ይወርዳል፣ መጋረጃው ይረጥባል። ልጇ ወንበር ላይ ቆማ ትዳኛለች፣ እማዬ ወደቅሽ ትላታለች፣ ድገሚ ትላታለች። እኔ መወልወያውን ይዤ ቆሜ እሳደባለሁ። ቀስ በቀስ ውሃው ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ፣ በመጨረሻም እያንዳንዱን ጉንጭ የሻይ ኩባያ ውስጥ ማስገባት ቻለች። ምላሷም እንደዚያው ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ሎሚ፣ ከዚያ ሽንኩርት፣ አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ከቧንቧው ውሃ ቀድታ ጎንጨት አለችና የዚህ ሰፈር ቧንቧ ተቀይሯል እንዴ አለች። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ስጠይቅ እውነትም አዲስ ቧንቧ ዘርግተዋል። እልል ልል አፌን ከፍቼ፣ ገና ነው ብላ ዘጋችኝ።

እንግዲህ ዛሬ። ቀማሾቹ ክፍል ከገቡ በኋላ እኔ ሙጫዬን ይዤ እዚያው ቁጭ ብያለሁ፣ ጋሽ በርሜል ሽው ብሎ መጣ። ጋሽ በርሜል የበርሜሎቹ ኃላፊ ነው፤ ከየበርሜሉ ቀድቶ ብርጭቆዎቹን የሚሞላው እሱ ነው። ደስታ ፊቱን አብርቶታል። ጠጋ ብሎ፣ አይዞሽ፣ ለእህትሽ መላ ፈጥሬላታለሁ አለኝ። ምን አደረግህ ብዬ ጠየቅኩት። ለካ አልኮል እንደተከለከለች ሰምቶ፣ መትፋት ብቻውን አያድናትም ብሎ፣ ጠዋት የእሷን የእሷን ለይቶ ምድጃ ላይ ጥዶታል። አልኮሉ በእንፋሎት እንዲወጣ በደንብ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ በእሷ ብርጭቆዎች ቀድቶ አስቀምጧል። የሌሎቹ እንዳለ ነው።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ‹‹ጋሼ፣ ሌሎቹ ወይን እየቀመሱ እሷ የተቀቀለ እየቀመሰች ምን ልትል ነው? ምላሷ ሞቷል ነው የሚሏት!›› አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። አንጀቴ አላስችል ብሎኝ ነው እንጂ እንዲህ መሆኑ መች ታየኝ አለ፣ ሁለታችንም እግሬ አውጪኝ ብለን ወደ ቀማሾቹ ክፍል ሮጥን።

በሩ ተዘግቷል። መቅመስ ከተጀመረ ያ በር አይከፈትም፣ የሽቶና የሳሙና ሽታ ይዞ የሚገባ ሰው የሁሉንም አፍንጫ ያበላሻል ተብሎ የተደነገገ ነው፣ ደንቡን የሚያስከብረውም ራሱ ጋሽ በርሜል ነው። እጁን እጀታው ላይ አሳረፈ፣ አነሳ፣ መልሶ አሳረፈ። እኔ ግንባሬን የበሩ መስታወት ላይ ለጠፍኩ፤ ድምፃቸውም በደንብ ይሰማል። እህቴ በሻሿ ጫፍ ላቧን እየጠረገች የመጨረሻውን ብርጭቆ አነሳች። ጎንጨት አለች፣ አንከባለለች፣ ቀጥ አድርጋ ባልዲው ውስጥ ተፋችው። አንዲት ጠብታ ከባልዲው ውጪ አልወደቀችም። በሌላ ቀን ቢሆን አጨበጭብ ነበር።

እዚያ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚናገረው ታናሹ ነው፣ የታላቆቹን ቃል እንዳይደግም። ተራ በተራ ተናገሩ። ሁሉም አንድ ናቸው፤ ወይኑ ብርቱ ነው፣ ፍሬው ገና ይሸታል፣ ይቀየጥ። ተራው የእህቴ ሆነ። ፊቷን አየሁት። ውሃው ቁልፍ ቁልፍ ይላት በነበረ ጊዜ የነበራት ፊት ነው። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ሊነቀንቅላት አሰፍስፎ ተቀምጧል። እነሱ ያሉትን ብትደግም ማንም አያውቅባትም፣ ወንበሯም የእሷ ይሆናል። በይው፣ እነሱ ያሉትን በይው እያልኩ በሆዴ ለመንኳት። እሷ ደግማ ቀመሰች፣ ደግማ ተፋች፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

‹‹እናንተ ያላችሁትን ሰምቻለሁ›› አለች። ‹‹እኔ አፍ ውስጥ ያለው ግን እሱ አይደለም። ይሄ ወይን እሳት አይቷል። ወይ ምላሴ አልተመለሰም፣ ወይ ደግሞ አንድ ሰው ምድጃ ላይ ጥዶታል።››

ጋሽ በርሜል በሩን በርግዶ ገባ። ‹‹እኔ ነኝ የጣድኩት!›› አለ፣ ሌባ ነኝ እንደሚል ሰው ሁለት እጁን አንስቶ። ሥራ አስኪያጁ ከእሷ ብርጭቆ ቀመሰ፣ ከራሱ ቀመሰ፣ እንደገና ከእሷ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም፣ እኔም መጮኼን ያወቅኩት ከጠርሙስ ክፍል ሰው ሮጦ ሲመጣ ነው።

ያልተጣደው ተቀድቶ መጣ። እህቴ ሁሉም ጸጥ እስኪሉ ጠብቃ ቀመሰች፣ ተፋች፣ ተጉመጠመጠች። የግድግዳው ጥግ በርሜል ይግባ፣ የበሩ ጥግ ያለው ግን ገና ቁጡ ነውና ይቆይ አለች። ሌሎቹ ደግመው ቀመሱ፣ ትንሽ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ እሺ አሉ። ጉሮሮዋን አንዴም አልጠየቀችም።

የፋብሪካው ልማድ አለ፤ ቅይጡ ሲወሰን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ዋናዋ ቀማሽ ቆማ እስከ ታች ትጠጣለች። ተቀዳ። እንደማትጠጣ ሁሉም ያኔ ትዝ አላቸው። ሥራ አስኪያጁ ዘንድሮ ይቅር ሊል አፉን ከፈተ። እህቴ ግን ብርጭቆውን አነሳች፣ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አሸተተችው፣ መጓጓቷ ያስታውቃል። ከዚያ ወደ እኔ መጣች፣ ሙጫ በሙጫ የሆነው እጄ ላይ አስጨበጠችኝ።

‹‹እንኪ፣ አንቺ ዋጪልኝ።››

ዋጥኩት። ወይኑ ሲወርድ ለቅሶዬ እየወጣ ነበርና ጉሮሮዬ ላይ ተገናኙ።

‹‹ጉሮሮሽ ላይ ሲደርስ ምን አለሽ?›› አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

‹‹ጣፋጭ ነው›› አልኳት።

ጣፋጭ አልነበረም። ጠርሙሱ ላይ ‹ስኳር የሌለው› የሚለውን ወረቀት በየቀኑ የምለጥፈው እኔው ነኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ጋሽ በርሜል እንባውን እየጠረገ ሳቀ። እህቴ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሳቋ ሲበርድላት የውሃ ብርጭቆዋን አንስታ ቆማ እስከ ታች ጠጣች። እሱን ዋጠችው።