ለቅሶ የሚጠራው ድንጋይ

በጃንሆይ ጊዜ ባሌ ከነቀምቴ ወደ ዲጋ የሚሄደውን መንገድ ያሠራ ነበር። ሁለታችንም ከሸዋ መጥተን ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቤት ተከራይተናል። ደግ ሰው ነበር፤ እልኽ ከያዘው ግን አይመለስም። እኔም ብሆን ምላሴን የምሰበስብ አይደለሁም፤ ጎረቤት ይመስክር።

መንገዱ በሚያልፍበት አፋፍ ላይ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። ያገሬው ሰው የሚመታው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የሟች ቤተሰብ ሄዶ ይመታል፤ ድምፁን የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ መቺው ቤት ይመጣል። ሌላ ጊዜ ማንም አይነካውም።

ባሌ ፈልጦ ጠጠር ሊያደርገው አሰበ። ሠራተኞቹ እምቢ ብለው መዶሻቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እሱ ሆዬ ራሱ አነሳ። ምሳ ይዤለት ሄጄ ነበርና "ተው፣ በሞቴ፣ ተው" አልኩት። ደጋግሞ መታው። መዶሻውን ካወረደ በኋላም ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ቀረ። ከድንጋዩ የወደቀው አንዲት ስባሪ ብቻ ነው።

ቤት ገብተን ብዙም ሳንቆይ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ፊት ለፊታችን ያለው ጉራጌ ባለሱቅ እንኳ ሱቁን ዘግቶ መጣ። አንዱ በር ላይ "ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?" ብሎ ጠየቀ። አንዲት አሮጊት ወደ እኔ እያመለከቱ "የሷ ባል" አሉት።

ባሌ መጀመሪያ ሳቀ። "እዚህ ቆሜ?" አለ። ማንም ዞር አላለም። ሁሉም በየተራ "እግዜር ያጥናሽ" እያሉኝ ተቀመጡ። ያመጡትን እህል ለእኔ አቀረቡ፤ ለሱ ያቀረበ የለም። ሲጋራ በየቀኑ የሚሸጥለት ባለሱቅ አጠገብ ሄዶ ቢቀመጥ፣ ሰውየው ፈቀቅ አለ እንጂ ቀና ብሎ አላየውም።

በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጥቶ እጄን ያዘ። እጁ በረዶ ነው። "አለሁ አይደል?" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ፈራሁ፤ ትንፋሹ እንዳለ ለማወቅ መዳፌን አፉ ላይ አደረግኩ።

በማግስቱ የመስመሩን ምልክት ካስማዎች ነቅሎ መንገዱን በድንጋዩ ዙሪያ አዞረው። አለቃው ቢያበሻቅጠውም ወደ ቦታቸው አልመለሳቸውም። ወደ ቤት ሲመለስ ባለሱቁ እንደ ወትሮው ሰላም አለው። የዚያን ቀን ባሌ አለቀሰ፤ እኔም ስቄበት አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ ታሞ ሞተ። ያንን ድንጋይ ሄጄ ልመታው አልደፈርኩም፤ ለማንም ሳልነግር አስከሬኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቹ ግን መጡ። እኚያ አሮጊት ጎኔ ሲቀመጡ፣ "እማማ፣ ድንጋዩን ሳልመታ ልታለቅሱለት መጣችሁ?" አልኳቸው።

"የሱንማ ያኔ አልቅሰን ጨርሰናል፣ ልጄ" አሉኝ። "ዛሬ የመጣነው አንቺ ብቻሽን እንዳትሆኚ ነው።"