ያላቀበልኩት ቃል

ከአምቦ ገበያ ስወጣ ያዙኝ። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ገብተው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ፤ የገዛሁትን ሳሙና እንኳ አልቀሙኝም። የእስር ቤቱ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ከወለሉ እስከ ተቀማጭ ሰው ትከሻ ድረስ በጀርባ ብዛት ጠቁሯል። ከጥግ አንድ ሽማግሌ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«ሳሙና ይዞ የመጣ እስረኛ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

ባርሲሳ እንላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። በወጣትነታቸው ሶቪየት ኅብረት፣ ኦዴሳ ተልከው ሥነ ጽሑፍ ተምረዋል። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ በራሴ ያነበብኩ ነኝና ከአጠገባቸው አልጠፋም ነበር። ደጋግመው የሚያነሱልኝ ስለ አንድ አይሁዳዊ ጸሐፌ ተውኔት ነው።

«የሩሲያ ደራሲዎችን እያነበበ እዚያው አገር ያደገ ሰው ነው» አሉኝ። «አሜሪካ ሲሰደድ ወገኖቹ ቲያትር የሚገቡት ለዘፈንና ለቀልድ ነበር። ተዋናዩ ወደ ተመልካች ይዞራል፣ ከራሱ ይጨምራል። እሱ ግን ከሩሲያውያኑ የተማረው ሌላ ነው። መድረክ ላይ ያለ ሰው ቤቱ እንዳለ ሰው ይናገር አለ። የጻፈውም በይዲሽ ነው፤ የተማሩት የማድቤት ቋንቋ እያሉ በሚንቁት በእናቶቻቸው ቋንቋ።»

«እኛም ዘንድ ያው ነው» አልኩ።

«ታዲያ ጻፋ!»

ብዙም ሳይቆይ የእስር ቤቱ ኃላፊ እንግዶች ሊጎበኙን እንደሆነ ነግሮን ድራማ አዘዘ። «ካማረ የቤተሰብ ጥየቃ እፈቅዳለሁ» አለ። እናቴ በየሳምንቱ ከጊንጪ ትመጣለች። ስንቁ ይገባል፤ እሷ በር ላይ ቀርታ ትመለሳለች። ከተያዝኩ ጀምሮ ፊቷን አላየሁም።

በኦሮምኛ አጭር ድራማ ጻፍኩ፤ አባትና ልጅ እራት ላይ ተጣልተው የሚኳረፉበት። አባቱን የሚጫወተው የሚኒባስ ረዳት የነበረ ጓደኛችን ሲሆን፣ ቃል ቢጠፋው ከብርድ ልብሱ መጋረጃ ጀርባ የማቀብለው እኔ ነኝ። በልምምድ ላይ በየመሃሉ ወደ እኛ ይዞርና «ጊንጪ፣ ሆለታ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ክፍሉን በሳቅ ያፈርሳል።

«ዞርክ!» ይላሉ ባርሲሳ። «ይሄ ሰውዬ ቤቱ ነው ያለው። ቤትህ ስትበላ ወደ ማን ነው የምትዞረው?»

«ካልዞርኩ ማን ያየኛል፣ ባርሲሳ?»

«ያዩሃል።»

ኃላፊው ልምምዱን አይቶ አንድ ነገር ጨመረ። መጨረሻ ላይ አባትየው ወደ እንግዶቹ ዞሮ «ተሳስተን ነበር፣ ታርመናል፣ እናመሰግናለን» ይበል አለ። እሱ ሲወጣ ባርሲሳን አየኋቸው።

«እኔን አትየኝ፣ ልጄ» አሉ። «በር ላይ የምትቆመው እናትህ ናት።»

በዕለቱ እንግዶቹ ግቢው ውስጥ ወንበር ተሰጣቸው። እናቴ በር ላይ እንደምትጠብቅ አንድ ጠባቂ ሹክ አለኝ። ረዳቱ አንድም ጊዜ አልዞረም፤ በእውነት አባት መሰለ። የተጨመረው ቃል ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ። ኃላፊው መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ በብርድ ልብሱ ጠርዝ እኔን አየና በአገጩ «በል» አለኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ጥርሴን ገጠምኩ።

ረዳቱ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ጀርባውን ለእንግዶቹ እንደሰጠ ቂጣውን ቆረሰና ላኮረፈው ልጁ አጎረሰው። በዚህ አለቀ። ማንም አላጨበጨበም።

«ጉርሻው ከራሱ የጨመረው ነው» አሉኝ ባርሲሳ ክፍላችን ስንመለስ፤ «በዚህስ አይሁዳዊውም አይቆጣበትም።»

የእናቴ ሳህን ገባ፤ እሷ አልገባችም። ሳህኑን ከገበያ ይዤ በገባሁት ሳሙና አጥቤ፣ ጠርዙን ሳይቀር ፈትጌ መለስኩላት። ደህና መሆኔን የምነግርበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ከተፈታን ከዓመታት በኋላ ረዳቱን አምቦ መናኸሪያ አገኘሁት። ያን ቀን ቃሉ ጠፍቶት እንደሆነ ወይም እንቢ ብሎ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ምን ይጠፋኛል? አንተን ነበር የምጠብቀው» አለ። «ብታቀብለኝ እል ነበር። የአንተ እናት ናት እኮ በር ላይ የነበረችው።»

እስከዚያ ድረስ ዝምታው የእሱ ይመስለኝ ነበር።

«ግባ በቃ፣ ጊንጪ አይደል የምትሄደው?» ብሎ ከፊት አስቀመጠኝ። እናቴ ጋ ደርሼ በላሁ፣ አጎረሰችኝ። ያን ቀን ያላስገቧት በኃላፊው ክፋት ብቻ ይመስላታል። እስካሁን አልነገርኳትም።