ሳይቀዳ የቀረው ካሴት

በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ ባሌ ሬዲዮ ይጠግን፣ ካሴትም ይቀዳ ነበር። ከደንበኞቹ አንዱ የኩታበር ሰው፣ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ነጋዴ በጠራራ ፀሐይ ሲገደል ይህ ወጣት ተጠርጥሮ ተያዘ። ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ «በዚያ ሰዓት ኮምቦልቻ ነበርኩ፤ የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ ካሴት እንዲቀዳልኝ ለሬዲዮ ጠጋኙ ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ባሌን ምስክር ጠራ። ባሌ ቁርአን ይዞ፣ «ወላሂ፣ ያን ቀን እኔ ዘንድ አልመጣም» አለ። ወጣቱ ተረሸነ።

እኔም ባሌን አምኜው ነበር። ከወራት በኋላ ግን ሱቁን ስጠርግ ካሴቱን አንድ የተበላሸ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ አገኘሁት። ባሌ በሚረከበው ዕቃ ሁሉ ላይ ቀንና ሰዓት ይጽፋል። ካሴቱ ላይ የጻፈው ነጋዴው የተገደለበትን ቀንና ሰዓት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ግብረ አበር ነህ ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ» አለ።

«ማን አስፈራራህ?»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሬዲዮ መፍታት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሱቁ የገባውን ሰው ሁሉ «ያስፈራራው ይሄ ይሆን?» እያልኩ በዓይኔ እከተል ጀመር።

በመጨረሻ ለባሌ ሳልነግረው ካሴቱን ይዤ ኩታበር፣ የወጣቱ እናት ዘንድ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ነግሬያቸው፣ «እናቴ፣ ልጅዎ እውነቱን ነበር» አልኳቸው።

እጄ ላይ ያለውን ካሴት አይተው፣ «ልጄን የረሸኑት አሁን ደግሞ ምን ልታናግሪኝ ነው የላኩሽ?» አሉኝ።

«ማንም አልላከኝም» ብዬ ማልኩላቸው። ካሴቱን ሳይቀበሉኝ በሩን ዘጉት።