ያልተንኳኳው ሸክላ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ጭኑ ላይ ያለውን የጨርቅ ጥቅል በሁለት እጁ ይዟል። ኬላው ላይ ፈታሹ ጥቅሉን ሲፈታው ጥቁር ቀለበት ወጣ። 

«ምንድን ነው?»

«የኢንቨርተር ቀለበት ነው ጌታዬ፤ የባትሪ ኃይል የሚቀይረው መሣሪያ ውስጥ የሚገባ፤ ፌራይት ይሉታል። እንደ ሸክላ በእሳት የበሰለ ነው፤ ከወደቀ ይሰነጠቃል። የልጄ መድኃኒት ማቀዝቀዣ ያለሱ አይሠራም።»

ፈታሹ ወንበሩ ላይ ወርውሮለት ወረደ። ቀለበቱ ከወንበሩ ብረት ጋር ተጋጨ።

ሰውየው አነሣው። እንስራ እንደሚገዛ ገበያተኛ መሰንጠቁን በድምፁ ሊለይ የጣቱን ጥፍር አስጠጋ፤ ግን አላንኳኳውም።

«ተሰንጥቆ ቢሆንስ?» አለኝ በሹክሹክታ።

እስከ ቡሬ ድረስ ያንን ጣቱን በሌላው እጁ ጨብጦ ያዘው።